ሱሉልታ የባሕር ዳርቻ አይደለችም

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን

ግልባጭ፦ ዘንድሮ በጋ ሰማይ ላይ ተያይዘን ክብረ ወሰን እንሰብራለን ለምትሉ ወዳጆቼ

ጉዳዩ፦ በፓራሹት በብዛት ለሚዘሉ ሰዎች ስለሚያስፈልግ ፈቃድና ዕቃ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስምንት ሰዎች ጎንበስ ብለን ክብ ሠርተን ነበር። አንዱ የአንዱን ክንድ ይዟል። ሌላው የፊተኛውን እግር ለመያዝ ጎብጧል። ሣሩ ገና ጤዛ አለው። በመንገዱ አንዲት እማማ አህያቸውን እየነዱ ሲያልፉ ቆም አሉ። አይተው አይተው፣ "ልጆቼ፣ ምን ጠፋባችሁ?" አሉን።

አንዱ ጓደኛችን ቀና ብሎ፣ "ምንም አልጠፋብንም እማማ። ከአውሮፕላን መዝለል እየተለማመድን ነው" አላቸው።

እማማ ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ እኛ አዩ። "እንዲህ ጎንበስ ብሎ?" ብለው አህያቸውን ነዱ።

እውነታቸውን ነው። ግን ሥራው እንዲሁ ነው። ሰማይ ላይ የሚደረገው ሁሉ መጀመሪያ መሬት ላይ በእግር ይደረጋል። ማን ቀድሞ ይገባል፣ ማን የማንን እጅ ይይዛል፣ ሲለያዩ ማን በየት በኩል ይሄዳል፤ ይህ ሁሉ ሣር ላይ ሃያ ጊዜ ይደጋገማል። ላይ ስትደርስ ለማሰብ ጊዜ የለማ።

እኔ ፓራሹት የተማርኩት ለሥራ ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ ነው። መዝለል ከጀመርኩ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ደብተሬ ላይ 400 ጥቂት ያለፈ ዝላይ አለ። በዚህ ዓለም መለኪያ ይህ ብዙ አይደለም። ታዲያ ለምን እጽፋለሁ? ባለፉት ወራት ሻይ ቤት ውስጥ የሚወራው ወሬ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። "የሀበሻ ሪከርድ እንሥራ፣ 20 ሰው፣ 24 ሰው፣ ከሱሉልታ ወይ ከሰንዳፋ በላይ" ይባላል። ፖስተሩ ሳይቀር ተሠርቷል። ኦክስጅን የሚለውን ቃል ግን አንድም ሰው ሲያነሳ አልሰማሁም።

ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ላብራራ። ትልቅ ፎርሜሽን ማለት ዘላዮች ፓራሹታቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣ እየወደቁ ሳሉ፣ ቀድሞ በተሳለ ቅርጽ መያያዝ ነው። የዓለም ክብረ ወሰኑ 400 ሰው ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 8 ቀን 2006 ታይላንድ፣ ኡዶን ታኒ ላይ ተሠራ። ዘላዮቹ ከ31 አገሮች የመጡ ነበሩ። የታይላንድ አየር ኃይል አምስት ሲ-130 አውሮፕላኖች ከ7,000 ሜትር በላይ ይዘዋቸው ወጡ። ያ ሁሉ ሰው ተያይዞ የቆየው ለ4.25 ሰከንድ ነው። አዎ፣ አራት ሰከንድ ከሩብ። ቡናህ ላይ ስኳር ጨምረህ ሳታማስል ያልቃል።

ሕጉም ምሕረት የለውም። ቅርጹ ከመዝለል በፊት በሥዕል ይመዘገባል። ዳኞች ፎቶና ቪዲዮውን እያዩ እያንዳንዱን እጅ ይቆጥራሉ። አንድ ሰው ሊይዘው የሚገባውን እግር ሳይይዝ ከቀረ የሌሎቹ ሁሉ ልፋት ዜሮ ነው። ሰውን የሚያሳብደውም ይህ ነው። "ለትንሽ እኮ ነው ያመለጠን፣ አንድ ጊዜ እንሞክር" ይባላል። ፀሐይ እየከረረ፣ ነፋሱ እየተነሳ፣ ሰው እየደከመ "አንድ ጊዜ" አያልቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

የዓለም የዝላይ መመሪያ አብዛኛው የተጻፈው መሬታቸው ለባሕር ጠለል በቀረበ ቦታዎች ላይ ነው። እዚያ ከ4,000 ሜትር ሲዘለል ያ 4,000 ሜትር ከመሬትም ከባሕርም ያው ነው ማለት ይቻላል። ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ መውደቂያ ጊዜ ይገኛል። ሰው ትንፋሽ ሳያጥረው ይዘላል።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ሱሉልታ ከዚያም ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ስለዚህ ከሱሉልታ ሜዳ 4,000 ሜትር ከፍ ብለን እንዝለል ካልን በሩ የሚከፈተው ከባሕር ጠለል ከ6,500 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከግማሽ በታች ነው።

የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር ደንብ ከባሕር ጠለል 15,000 ጫማ፣ ማለትም 4,570 ሜትር ገደማ፣ ካለፈ አውሮፕላኑ ውስጥ ኦክስጅን መኖሩን ግዴታ ያደርጋል። ለአብራሪው ደግሞ የአገሩ የበረራ ሕግ ከዚያም ዝቅ ብሎ ነው የሚጀምረው። እንግዲህ ሂሳቡን ሥሩት። ያለ ኦክስጅን እንዝለል ካልን ከሱሉልታ መሬት በላይ የሚፈቀድልን 2,000 ሜትር ብቻ ነው። ተያይዘን የነበርነው ሰዎች 1,500 ሜትር ላይ መለያየት እንጀምር ብንል፣ ለመገናኘትና ለመያያዝ የሚቀረን ጊዜ ከ15 ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። በ15 ሰከንድ 20 ሰው አይያያዝም። እና ምን ይሆናል? ሰዎች ከፍታውን ዝም ብለው ይጨምራሉ። ኦክስጅኑን ግን አይጨምሩም። የምፈራው ይህንን ነው።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ብነግረው ሳቀብኝ። "ምን ነካህ? ሱሉልታ እኮ ሯጮቻችን የሚለማመዱባት ናት! የሀበሻ ሳንባ ነው ያለን" አለኝ። ደስ የሚል ኩራት ነው። ጠዋት ጠዋት በአጠገባችን የሚያልፉትን ሯጮች እኔም በቅናት ነው የማያቸው። ግን ያ ሳንባ የለመደው 2,600 ሜትርን ነው። 6,500ን ደጋ ማደግ አያለማምድም። የኦክስጅን እጥረት ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ደረት አያፍንም፣ ራስንም ቶሎ አያምም። መጀመሪያ የሚወስደው ማመዛዘንን ነው። ሰውየው ደስ ይለዋል። ሁሉ ነገር ቀላል ይመስለዋል። እየሳቀ የተሳሳተ እግር ይይዛል። አጠገብህ ያለው ሰው ሞቅ ያለው መስሎ ሲታይህ ጥርጣሬህ ትክክል ነው።

ኡዶን ታኒ ላይ እያንዳንዱ ዘላይ አውሮፕላኑ ውስጥ በቱቦ ኦክስጅን እየሳበ ነበር የወጣው። በሩ ሊከፈት ሲል ነው ቱቦው የሚነሳው። ወደ ታች ሲወድቅ አየሩ እየወፈረ ስለሚሄድ ከዚያ በኋላ ችግር የለም። ይህ የጨረቃ ቴክኖሎጂ አይደለም። ሲሊንደር፣ ቱቦ፣ የሚቆጣጠር አንድ ሰው ነው። ገንዘብ ይጠይቃል እንጂ ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይልቅ የተደበቀ ነው፤ ስለዚህ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ዘላዮች ጀርባችን ላይ ትንሽ መሣሪያ አለች። ራሷ የምትከፍት ናት። በጣም የታወቀችው ሳይፕረስ የምትባለው የጀርመን ሥሪት ናት። ዘላዩ ራሱን ቢስት ወይም ከፍታውን ቢረሳ፣ እንደወደቀ ከቀጠለ፣ መሣሪያዋ መሬት 225 ሜትር ገደማ ሲቀረው መጠባበቂያውን ፓራሹት ትከፍታለች። ብዙ ሰው በእሷ ተርፏል። ግን መሬት የት እንዳለ እንዴት ታውቃለች? ቀላል ነው። ጠዋት የበራችበትን ቦታ "ይህ መሬት ነው" ብላ ትይዛለች።

ከሱሉልታ በላይ እንዝለል ስንል አውሮፕላኑ የሚነሳው ከየት ነው? ሱሉልታ ሜዳ ላይ ማኮብኮቢያ የለም። ቦሌ ይሆናል፣ ወይም ቢሾፍቱ አካባቢ። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አንዱ ልጅ ቢሾፍቱ ላይ መሣሪያውን አብርቶ፣ አውሮፕላን ገብቶ፣ ሱሉልታ ላይ ቢዘል፣ መሣሪያዋ የምትጠብቀው መሬት ከእውነተኛው መሬት ከ600 ሜትር በላይ ታች ነው። የምትከፍትበት ከፍታ ሱሉልታ ላይ ከአፈሩ በታች ነው። ከቦሌ ቢነሳም ያው ነው፤ 225 ሜትሯን ልዩነቱ ራሱ በልቶ ይጨርሳታል። ልጁ ጀርባው ላይ መድኃኒት ያለ ይመስለዋል። የለም።

የእጅ አልቲሜትሩም (ከፍታ መለኪያው) እንደዚሁ ነው። ከቢሾፍቱ ተነስተህ 1,500 ሜትር ሲያሳይህ እግርህ ሥር ያለው ከ900 ሜትር በታች ነው። ሁለቱንም መሣሪያዎች ለማረፊያው ቦታ ማስተካከል ይቻላል፤ ቁልፍ አላቸው። የሚያስፈልገው ልዩነቱን በሜትር ለክቶ፣ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ከመሳፈር በፊት የእያንዳንዱን ዘላይ መሣሪያ በዓይኑ እያየ ምልክት የሚያደርግ ሰው ነው። ፈቃድ ስትሰጡ ያ ወረቀት ማመልከቻው ላይ ካልተያያዘ አትስጡን። ተቆጥተን ብንመጣም አትስጡን።

ስለ ፈቃድ ደግሞ የራሴን ጉድ ልናገር።

አሜሪካኖቹ የዘላይ ፈቃድን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። የመጀመሪያው 25 ዝላይ፣ ሁለተኛው 50፣ ሦስተኛው 200፣ የመጨረሻው 500 ይጠይቃል። ከቁጥሩ ሌላ ፈተናም አለው። ትልልቅ ፎርሜሽን የሚያዘጋጁ ሰዎች ግን ፈቃዱን አይተው ብቻ አይቀበሉም። በትንንሽ ቡድን ያዘልሉሃል፣ ቪዲዮህን ያያሉ፣ ከዚያ ወይ ይጠሩሃል ወይ በትሕትና ይሸኙሃል።

እኔ 200 እንደሞላሁ ስሙን በማልጠራው አንድ የውጭ አገር የዝላይ ቦታ 16 ሰው ሲሞክር አንድ ሰው ጎደላቸው። "ስንት ዘልለሃል?" አሉኝ። "200" አልኩ። "ና ግባ" አሉኝ። ቁጥሩ እውነት ነበር። ግን አብዛኛው ዝላዬ ለብቻዬ ወይ ከአንድ ጓደኛ ጋር ነበር። ከላይ ወደ ክቡ ስወርድ ፍጥነቴን መስበር አቃተኝ። እንደ ቀልድ የሚመስል ርቀት ነበር፤ ድንገት ትልቅ ሆነ። ጉልበቴ የአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ አረፈ። ትከሻዋ ወለቀ። በአንድ እጇ ነው ፓራሹቷን ከፍታ ያረፈችው። ይቅርታ አደረገችልኝ፤ እኔ ግን የትከሻዋን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። ነፋሱ ውስጥ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየወደቅን እንዴት ሰማኸው ብትሉኝ መልስ የለኝም። እሰማዋለሁ።

ስለዚህ ቁጥር ብቻ አትጠይቁ። ለ20 ሰው ፎርሜሽን ቢያንስ ሦስተኛው ደረጃ ይሁን፤ ከዚያ በተጨማሪ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ሰው ባሉበት በሰላም ገብቶ በሰላም መውጣቱን አሠልጣኝ ፈርሞ ይመስክር። ቪዲዮም ይቅረብ። ደብተር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አንድ ጊዜ የአንድ ልጅ ደብተር አየሁ። አርባ ዝላይ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድም የቡና ጠብታ ሳይነካው። የእውነተኛ ዘላይ ደብተር ላብና አቧራ ይጠጣል፣ ቀለሙም ይለያያል። ፎርጅድ መንጃ ፈቃድ ያየ አገር ይህን ለመለየት አይቸገርም።

የቀረውን ዕቃ ቶሎ ቶሎ ልበል። ጠንካራ ሄልሜት፤ ከውስጡ በጆሮ የሚጮህ የከፍታ ማንቂያ፤ ገመድ መቁረጫ ቢላ። ይህ ክርክር የለውም። መጠባበቂያው ፓራሹት ግን ትንሽ ያቆየኛል። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በየ180 ቀኑ ፈትቶ፣ መርምሮ፣ እንደገና ማጠፍ አለበት። ሲጨርስ በቀይ ክር ትንሽ የእርሳስ ማኅተም ያስርበታል፤ ቀኑንም ካርድ ላይ ይጽፋል። እኔ አንድ ጊዜ በተከራየሁት ዕቃ ላይ ካርዱን ሳወጣ ቀኑ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ለሰውየው ነገርኩት። "ኖ ፕሮብሌም" አለኝ። ለሱማ ምን ፕሮብሌም አለው፣ እሱ አይዘልም። አገራችን ውስጥ ይህን ማኅተም የማሠር ሥልጣን ለማን እንደሚሰጥ በስም ይወሰንልን። አየር ወለዶቻችን ፓራሹት ማጠፍን እንደ ሙያ ይዘውት ኖረዋል። ጡረታ የወጡትን ጠርተን ብንማርባቸው ነውር አይደለም።

የፓራሹቱም ስፋት ጉዳይ አለ። ቀጭን አየር ላይ ፓራሹት ይፈጥናል። ሱሉልታ ላይ ያው ፓራሹት በባሕር ጠለል ከሚያርፍበት ፍጥነት በመቶ ከአሥር በላይ ፈጥኖ ያርፋል፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ይብሳል። ዱባይ ላይ በትንሽ ፓራሹት ሽው ብሎ የሚያርፍ ልጅ እዚህ በዚያው ሲመጣ ቁርጭምጭሚቱን ይተዋል። ሰፋ ያለ ይልበስ። አያምርም፣ ግን በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው መያያዙን ሳይሆን መለያየቱን ነው። 20 ሰው በአንዴ ፓራሹት ቢከፍት እርስ በርሱ ይጠላለፋል። ስለዚህ ከዳር ያሉት ቀድመው ዞረው ይርቃሉ፣ ቀጥሎ መካከለኞቹ፣ መሐል ያሉት መጨረሻ። መሐል ያለው ሰው ዝቅ ብሎ ነው የሚከፍተው። እሱ የሚጠብቀው ሌሎቹ በሰዓቱ እንዲሄዱለት ነው። አንዱ "ትንሽ ልቆይ፣ ሪከርዱ ሊያልቅ ነው" ካለ የሌላውን ከፍታ ነው የሚበላው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሪዞና ውስጥ ኢሎይ ላይ 222 ሰዎች ክብረ ወሰን ሲሞክሩ ከ1,000 በላይ ዝላይ ያላት አንዲት ጀርመናዊት ሞተች። ዋናው ፓራሹቷ በትክክል አልተከፈተም። እሱን ለቅቃ መጠባበቂያውን ስትከፍት ከፍታው አልቆ ነበር። ልምድ ነበራት፣ ዕቃም ነበራት። ያጣችው ሜትር ነው። የመለያያው ከፍታ በመመሪያ ይጻፍ፤ ከባሕር ጠለል ሳይሆን ከማረፊያው መሬት ይለካ።

አዲስ አበባ ለፓራሹት እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1930 ሁበርት ጁሊያን የሚባል ጥቁር አብራሪ ከአሜሪካ መጥቶ እዚህ ዘልሎ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጣም ተደሰቱበት፣ የኮሎኔል ማዕረግም አገኘ። ብዙም ሳይቆይ ግን የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን ሰብሮ ከአገር ወጣ። እኔ ታሪኩን ባሰብኩት ቁጥር ፈገግ እላለሁ፤ አብራሪያችንም ይፈተን የምለው ግን ቀልዴን አይደለም። በዝላይ ቀን በሩ ክፍት ነው። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ሲጠጋ የአውሮፕላኑ ሚዛን ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን ሠልጥኖበት የማያውቅ አብራሪ አይያዝልን። ሁለት አውሮፕላን ጎን ለጎን የሚበር ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

ስለ መሬቱም ሳልል አላልፍም። ሱሉልታ ከሩቅ ባዶ ሜዳ ትመስላለች። ቀርበህ ስታያት የመብራት ገመድ አለ፣ የባሕር ዛፍ ተራ አለ፣ የሣር ክምር አለ፣ ክምሩን የሚጠብቅ ውሻ አለ። የሰው ሰብል አለ። ከሰማይ የመጣ ሰው ሰብል ላይ ሲያርፍ ሊያየው መንደሩ ሁሉ ይሮጣል፤ ያረፈው አንድ ሰው ቢሆንም የሚረግጠው መቶ ሰው ነው። ስለዚህ ከገበሬዎቹ ጋር ቀድሞ መነጋገር፣ ካሳውን ቀድሞ መወሰን፣ ማረፊያውን በነጭ ጨርቅ ማመልከት፣ አምቡላንስ ሞተሩን አሙቆ ማቆም የፈቃዱ አካል ይሁኑ። ዝላዩም ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይሁን። ከዚያ በኋላ የበጋው ነፋስ ይነሳል፤ ሱሉልታ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

እነዚህ ሁሉ የሌላ አገር ደንብ ተርጉሞ በማተም አይገኙም። ቁጥሮቹ ለኛ መሬት እንደገና መሠራት አለባቸው። መመሪያውን ስታዘጋጁ ከአየር ወለድ የወጡ ሰዎች፣ ከበረራ ተቆጣጣሪ፣ የከፍታ ሕክምና ከሚያውቅ ሐኪምና ከኛ ከዘላዮቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡን ደብተራችንንም ካርዳችንንም ይዘን እንመጣለን። ፖስተሩን ላሠራችሁት ወዳጆቼም፦ ቀኑን አንሱት። 24 የሚለውንም አንሱት። መጀመሪያ ስምንት እንሁን፣ በኦክስጅን፣ ተስተካክሎ በተፈረመ መሣሪያ።

ቅዳሜ ልምምዳችንን ስንጨርስ እማማን መንገድ ላይ አገኘናቸው። ከሜዳው ወዲያ ያለው ማሳ የሳቸው ነው። ገብስ ነው የዘሩበት። "እዚህ ላይ ነው የምትወድቁት?" አሉን። መውደቅ አይደለም፣ ማረፍ ነው አልናቸው። ትንሽ አሰቡና፣ "እንግዲያው ኅዳር ካለቀ በኋላ አድርጉት፣ እስከዚያ ይታጨዳል" አሉ። እኛም እሺ ብለናቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ ዘላይ፣ ከሱሉልታ